ይድረስ ለአባቴ፦ ትንሹ ልጅ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ ስለሚያየው ነገር

ኮምቦልቻ፣ ነሐሴ 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ አለይኩም አባባ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? የክረምቱ ጭጋግ ከጦሳ ወርዶ ጉልበትዎን አላሳመመዎትም? እኛ ከሐረጎ በታች ያለነው አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ባለፈው በስልክ ያሉኝን አልረሳሁም። «ለሱብሒ ስነሳ ብርድ ልብሱ ውስጥ ብርሃን ይታየኛል። 16 ዓመት የሞላው ልጅ የጃፓን ካርቱን ሲያይ ያድራል። ስልኩን ልቀማው ወይ?» ነበር ያሉት። ልጁ አጠገብዎ ስለነበር ያኔ መልስ አልሰጠሁም፤ ነገሩም በሁለት ቃል አያልቅም። መነጽርዎን አድርገው ቀስ ብለው ያንብቡት። ስልኩን ግን አንብበው እስኪጨርሱ አይንኩበት።

አኒሜ የሚባለው ነው። ጃፓኖች «አኒሜሽን» የሚለውን የፈረንጅ ቃል ቆርጠው ያወጡለት ስም ነው፤ በእነሱ ዘንድ በሥዕል የተሠራ ፊልም ሁሉ አኒሜ ይባላል። እኛ ካርቱን ስንለው የሕፃን አደረግነው። እዚያ አገር ግን የሥዕል ታሪክ መጽሔቶች፣ ማንጋ የሚሏቸው፣ እንደ አንባቢው ተለይተው ነው የሚታተሙት፦ ሾነን ለወንድ ልጆች፣ ሾጆ ለሴት ልጆች፣ ሴይነን ለጎልማሳ ወንዶች፣ ጆሴይ ለጎልማሳ ሴቶች። አኒሜው አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ ስለሚቀዳ መደቡን ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ትንሹን «ይህ ሾነን ነው ወይስ ሴይነን?» ብለው ይጠይቁት። ይህ ቃል ከእርስዎ አፍ ሲወጣ ልጁ የሚሆነውን ባየሁ!

«ሥዕሉ ቆሞ አፉ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ የሰነፍ ሥራ ነው» ያሉት ትክክል ነው፤ ምክንያትም አለው። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 የቆመ ምስል፣ ያልፋል። ለእያንዳንዱ ፍሬም አዲስ ሥዕል ይሣል ቢባል ወጪው አይቻልም። ስለዚህ አንዱን ሥዕል ለሦስት ፍሬም ያህል ያቆዩታል፤ በሰከንድ 8 ሥዕል ማለት ነው። ሰው ቆሞ ሲያወራ ደግሞ ፊቱን አንድ ጊዜ ሥለው አፉን ብቻ ይቀያይራሉ። ይህን ቁጠባ ያስለመደው ኦሳሙ ቴዙካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 «አስትሮ ቦይ» የተባለውን የሮቦት ልጅ ታሪክ በየሳምንቱ ለቴሌቪዥን ማድረስ ሲጀምር ገንዘቡም ጊዜውም አልበቃ አለው። እርስዎ ከሁለት ሜትር ጨርቅ ሱሪና ሰደርያ እንደሚያወጡት፣ እሱም ካለችው ላይ ቀነሰና ሠራ። የቆጠቡትን ደግሞ አንድ ቦታ ያፈሱታል፤ ዋናው ፍልሚያ የሚደረግበትን ክፍል ቢያዩ ሥዕሉ እንደ ውሃ ይፈሳል። ልጆቹ ሳምንታት የሚጠብቁት ያችን ቀን ነው።

ሥዕሉ ሲቆም ታሪኩን የሚሸከመው ድምፅ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያነብ ምንም ሥዕል አልነበረም፤ ግን ሰው ሥራውን አቁሞ ያዳምጥ ነበር። ጃፓኖችም ለድምፅ ተዋንያን የሚሰጡት ክብር እንዲያ ነው። አኒሜ ወዳዶች በእንግሊዝኛ ከተቀዳው ይልቅ በጃፓንኛው ድምፅ፣ ከታች በጽሑፍ፣ እናያለን ብለው ድርቅ የሚሉት ለዚህ ነው። ፍቅር እስከ መቃብርን ሌላ ሰው አንብቦልዎት ቢሆን ኖሮ ብለው ያስቡት።

ሌላም አለ፤ ይህ ከእኛ ጋር የሚያገናኘው ነው። ጃፓኖች አንቱታ አላቸው። ታላቅ፣ አስተማሪ፣ እኩያ ሁሉ በየስሙ ኋላ የሚቀጠልለት አለው፦ ሳን፣ ሰንሴይ፣ ሰንፓይ፣ ኩን። ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ «ሳን»ን ትቶ በባዶ ስም ሲጠራራ ትልቅ ነገር ሆነ ማለት ነው። እንግሊዝኛው ጽሑፍ ይህን ውጦ ያስቀረዋል፤ አማርኛ ቢሆን ኖሮ ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» ማለፉ ብቻ በቂ ነበር። ዜማም አለ። የዛሬ መክፈቻ ዘፈኖች አብዛኞቹ ዘመናዊ ፖፕ ናቸው። የጥንት ዘመን ታሪክ ሲሆን ግን ኮቶ የሚባለውን አውታር ሲመቱት ጆሮዎን ይስጡት። ሚያኮቡሺ ከሚሉት ቅኝታቸው ጋር አምባሰል አንድ ነው፦ ግማሽ ድምፅ፣ ከዚያ የሁለት ሙሉ ድምፅ ዝላይ፣ ከዚያ አንድ ሙሉ፣ ከዚያ ግማሽ። በክራር ቢቃኙት ልዩነት የለውም። የአምባሰል ተራራ ያለው ከእኛ አፍንጫ ሥር ነው፤ እነሱ ባሕር ማዶ ሆነው እዚያው ላይ ደረሱ።

እስካሁን የተናገርኩት ጥሩውን ነው። አሁን ወደሚያሰጋው ልግባ። እርስዎ የፈሩት ሰይጣኑንና ጭራቁን ይመስለኛል። እሱ ያለው በተረት መልክ ነው፤ እኛም ቤት የጅን ተረት እየሰማን ነው ያደግነው። እኔ የማስበው ሌላ ነው፤ ርዝመቱ።

አንድ ክፍል 24 ደቂቃ ገደማ ነው። አጭሩ ዓይነት 12 ወይም 13 ክፍል ሆኖ ያልቃል፤ በጃፓን በጥር፣ በሚያዝያ፣ በሐምሌና በጥቅምት አዲስ ዙር ይጀመራል። 12 ክፍል 288 ደቂቃ ነው፤ በሳምንት ቅዳሜና እሑድ ያልቃል፣ ማንንም አይጎዳም። «ናሩቶ» የሚባለውን ይውሰዱ፦ የመጀመሪያው 220፣ ተከታዩ 500፣ ድምሩ 720 ክፍል። ይህ 288 ሰዓት ነው! ከሐምሌ እስከ ጳጉሜን ባለው ዕረፍት ልጨርሰው ያለ ልጅ በቀን 11 ክፍል፣ ማለትም ከአራት ሰዓት በላይ ማየት አለበት። በቀን ሁለት ብቻ ካየ አንድ ዓመት ይፈጅበታል። «ዋን ፒስ» ደግሞ በ1999 እ.ኤ.አ. በቴሌቪዥን ተጀምሮ ከ1,100 ክፍል አልፏል፣ ገና አላለቀም።

ከዚህ ውስጥ ብዙው ውሃ ነው። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ መጽሔቱ በሳምንት 20 ገጽ ያህል ብቻ ያወጣል፣ አንድ የቴሌቪዥን ክፍል ግን የሁለት ሳምንቱን ገጽ ይበላል። ስለዚህ ፊልሙ መጽሔቱን ይደርስበታል። ያን ጊዜ ደራሲው ወደ ፊት እስኪሄድላቸው ድረስ ከራሳቸው ፈጥረው ያስገባሉ፤ «ፊለር» ይሉታል፣ መሙያ ማለት ነው። ከመጀመሪያው ናሩቶ ከ136ኛው ክፍል በኋላ ያለው ከሞላ ጎደል መሙያ ነው። በየርዕሱ የትኛው ክፍል መሙያ እንደሆነ የሚለይ ዝርዝር ኢንተርኔት ላይ ስላለ፣ ትንሹ ያንን አውጥቶ እንዲዘል ይንገሩት። የመክፈቻና የመዝጊያው ዘፈን እያንዳንዱ 90 ሰከንድ ነው፤ በ720 ክፍል 36 ሰዓት ዘፈን ብቻ ይሆናል። አንዴ ሰምቶ ይለፈው።

ልጁ «አንድ ብቻ» ብሎ ጀምሮ ለሱብሒ የሚደርሰው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። እያንዳንዱ ክፍል የሚያልቀው ሆን ተብሎ ልብ በሚያንጠለጥል ቦታ ላይ ነው፤ ስለዚህ «ይህ ሲያልቅ ተኛ» የሚለው ትእዛዝ በጣም መጥፎው ሰዓት ላይ ነው የሚወድቀው። የሚሠራው ሌላ ነው። 12ኛው ደቂቃ አካባቢ ለማስታወቂያ የተተወ ማረፊያ አለ፤ የፊልሙ ስም ወይም አንድ ሥዕል ለጥቂት ሰከንድ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። እዚያ ላይ ያቁም። ያለፈው ጭንቀት በመጀመሪያው ግማሽ ስለተፈታ፣ አዲሱም ገና ስላልተወጠረ እንቅልፍ ይመጣል። ነገ ከዚያው ይቀጥላል።

የሌሊቱ ኢንተርኔት ጥቅል ከቀኑ ስለሚረክስ ሌሊት የሚያይ ልጅ ብዙ ነው። ይህንንም መለየት ይቻላል፦ ሌሊት ያውርደው፣ ቀን ይየው። ስልኩ ያወርዳል፣ ልጁ ይተኛል።

ብርድ ልብሱን በተመለከተ ግን እርስዎ ትክክል ነዎት። ዲሴምበር 16 ቀን 1997 እ.ኤ.አ. በጃፓን የ«ፖኬሞን» አንድ ክፍል ሲተላለፍ ቀይና ሰማያዊ ብርሃን በሰከንድ 12 ጊዜ ያህል ተፈራረቀ። 685 ተመልካቾች፣ አብዛኞቹ ልጆች፣ ወደ ሆስፒታል ተወሰዱ፤ ማንቀጥቀጥ፣ ማስታወክ፣ ራስ መሳት ነበር። ፕሮግራሙ አራት ወር ተቋርጦ፣ ለብልጭታ መመሪያ ወጣ። ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ ሲጀምሩ «ክፍሉን አብርታችሁ፣ ራቅ ብላችሁ እዩ» የሚል ጽሑፍ የሚያወጡት ለዚህ ነው። ብልጭታው ከዓይን ብዙውን ቦታ ሲይዝና ዙሪያው ጨለማ ሲሆን ነው የሚከፋው። ብርድ ልብስ ውስጥ፣ ከአፍንጫ አንድ ስንዝር ላይ ያለ ስልክ ሁለቱንም ያሟላል።

እና እኔ የምለው ይህ ነው፦ አይቀሙት፣ ወደ ሳሎን ያውጡት። በቴሌቪዥን፣ መብራት በርቶ፣ እርስዎ ባሉበት ይየው።

ለዚህ ፍላሽ ያስፈልጋል፤ ሲሞላም ልብ የሚባል ነገር አለ። አንድ ክፍል እንደ ጥራቱና እንደ አጨማመቁ ከ70 እስከ 350 ሜጋባይት ይሆናል። ባለ 12 ክፍሉ በመካከለኛ ጥራት 2 ጊጋ አይሞላም። ልጁ ፍላሽ የሚሞላበት ቤት ሄዶ «የጫንከውን ጫንልኝ» ካለ ግን ቤት መጥቶ ድምፅ አለ፣ ምስል የለም ይሆናል። ፍላሹ ተበላሽቶ አይደለም፤ አኒሜ ቦታ ለመቆጠብ ብዙ ጊዜ «ኤች 265፣ 10 ቢት» በሚባል ይጨመቃል፣ የቆየ ቴሌቪዥን ያንን መፍታት አይችልም። «ኤች 264፣ 8 ቢት፣ ኤምፒ4» ብሎ ይጠይቅ። ሁለተኛ፣ ጽሑፉ ምስሉ ላይ የታተመ ይሁን። ለብቻው የተቀመጠ ጽሑፍ ከሆነ የፋይሉ ስም ከፊልሙ ስም ጋር ፊደል በፊደል አንድ ካልሆነ ቴሌቪዥኑ አያገኘውም። ጽሑፉ ከንግግሩ የሚቀድም ወይም የሚዘገይ ከሆነ ከሌላ ቅጂ የተወሰደ ነውና ሌላ ይፈልግ። ሦስተኛ፣ ፍላሹ «ፋት 32» ተብሎ ፎርማት ይደረግ፤ አብዛኛው ቴሌቪዥን የሚያነበው እሱን ነው። በዚህ ፎርማት ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይገባም፤ ለ24 ደቂቃ ክፍል ግን ያ ችግር አይደለም።

ከቴሌግራም የሚያወርድ ከሆነ፣ አይቶ የጨረሰው ሁሉ ስልኩ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። «ስልኬ ሞላ፣ አዲስ ይገዛልኝ» ቢልዎት አይስሙት። የቴሌግራም ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ የማከማቻውን ክፍል ከፍቶ ያጽዳው፤ የወረደው ከአንድ ሳምንት በኋላ በራሱ እንዲጠፋም ያድርገው። በራሱ የሚያወርደውንም ይዝጋው፣ አለበለዚያ ካርድዎ ሳያውቁት ያልቃል።

በእርስዎ ስልክ ግን በፍጹም አያውርድ። የሞባይል ገንዘብዎ ያለው እዚያ ነው። አኒሜ በነፃ የሚሰጡ ገጾች ላይ «አውርድ» የሚል አምስት ቁልፍ ቢኖር አራቱ ወጥመድ ናቸው። ምልክቱ ቀላል ነው፦ የ24 ደቂቃ ፊልም 3 ሜጋባይት ሊሆን አይችልም፤ የፋይሉ ስም መጨረሻ «ኤፒኬ» ከሆነ ደግሞ ፊልም ሳይሆን ስልክ ውስጥ የሚገባ ፕሮግራም ነው። ሕጋዊው መንገድ ክራንቺሮል የመሰለው አገልግሎት ነው፤ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ስለሚጠይቅ እኛ ዘንድ ብዙ ልጅ አይደርስበትም። ይህን እያወቅሁ ዝም ማለት አልወድም፦ ሣዮቹ ብዙዎቹ በሣሉት ሥዕል ቁጥር የሚከፈላቸው ናቸው፣ ከፍላሹም አንድ ሳንቲም አይደርሳቸውም።

አሁን ስለ ነውሩ። አለ፣ አልደብቅዎትም። ደም የሚረጭበት፣ ያለ ምክንያት ሴት ልጅ የምትራቆትበት ብዙ ነው፤ ከሽፋኑ ሥዕል አይታወቅም፣ ሁሉም ዓይኑ ትልቅ ነውና። ማይአኒሜሊስት የሚባል ገጽ ላይ ርዕሱን ሲጽፉ የዕድሜ ደረጃው ይወጣል። «ፒጂ-13» ለእሱ ዕድሜ ምንም አይልም። «አር-17+» ዓመፅና ስድብ ያለበት ነው፤ አብረው ካላዩት ይቆይ። «አር+» ዕርቃን አለበት ማለት ነው፤ «አርኤክስ» የሚለውን አይጠይቁኝ፣ ቤት አይግባ። ትንሹ ራሱ ፈልጎ ያሳይዎት። የሚያሳይዎት ከሆነ ግማሹ ሥራ አለቀ።

ጃፓንኛ ተምሬአለሁ ካለዎት ደግሞ ይጠንቀቁ። ከአኒሜ የሚለመደው የጀግናና የወንበዴ አነጋገር ነው። «ቴሜ»፣ «ኪሳማ» የሚሉት «አንተ» ማለት ነው፣ ግን ለጠብ የሚወጣ «አንተ»። ጃፓን ሄዶ ለሽማግሌ ቢለው እርስዎን «አንተ ውርጋጥ» እንዳለዎት ይቁጠሩት። እንግሊዝኛው ግን በእውነት ይሻሻላል፤ ከታች ያለው ጽሑፍ ሳይጠብቀው ስለሚያልፍ በፍጥነት ማንበብ ይለምዳል። እንደ ትርጉም ፊልም እያቆመ በአማርኛ ያውራልዎት። ይህ ሁለት ጥቅም አለው፦ እርስዎ ታሪኩን ያገኛሉ፣ እሱም በአንድ ምሽት ከሁለት ክፍል በላይ መሄድ ያቅተዋል።

ደብተሩ ጀርባ ላይ የሚሥላቸውን ፊቶች አይተዋል አይደል? ይህ ከአኒሜ የሚገኝ ትልቁ ነገር ነው፣ ግን ሁሉም የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ሁሉም ዓይንና ፀጉር ብቻ ይገለብጣሉ፤ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን የዞረ ፊት፣ እጅ ሁልጊዜ ኪስ ውስጥ፣ ጣት መሣል ስለማይችሉ። ልክ ሳይወስዱ ቁልፍ መትከል ነው፤ ይህን ከእርስዎ የበለጠ የሚያስረዳው የለም። ሜትርዎን ያውጡና ያሳዩት፦ የአዋቂ ሰው ቁመት የራሱን ጭንቅላት ሰባት ወይም ሰባት ተኩል ጊዜ ነው፣ እጅ ወደ ታች ሲዘረጋ መሐል ታፋ ይደርሳል፣ ክንድ የሚታጠፈው ወገብ አካባቢ ነው። ኤችቢና 2ቢ እርሳስ፣ ሳሳ ያለ ነጭ ወረቀት ይበቃዋል። የሚንቀሳቀስ ሥዕል ልሞክር ካለ የመስኮት መስታወት ከሁለት መጽሐፍ ላይ አጋድሞ ከሥሩ ባትሪ ያብራ፤ የታችኛው ሥዕል በላይኛው ወረቀት ያልፋል። ወረቀቶቹ እንዳይንሸራተቱ ጫፋቸውን በስቶ በአንድ ቦታ ይያዛቸው፤ ያለዚያ ሥዕሉ ሲገለጥ ይንቀጠቀጣል። 8 ወረቀት አንድ ሰከንድ ነው። አንድ ሰው ሲራመድ ለማሳየት እዚያ ይጀምር። አሥር ሰከንድ እፈልጋለሁ ሲል 80 ወረቀት እንደሆነ ይነግሩታል፤ ያኔ ሲያይ ያደረው ነገር ስንት ሰው ስንት ሌሊት እንዳደረበት ይገባዋል።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር 32 ጊጋ ፍላሽ በሚኒባስ ልኬያለሁ። አንድ ባለ 12 ክፍልና አንድ ፊልም አለበት። ፊልሙ «ስፒሪትድ አዌይ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ፣ በ2003 ኦስካር ያገኘ፣ ሁለት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ። አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ወላጆቿን ለማስፈታት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተቀጥራ ትሠራለች። ወላጆቿ መጀመሪያው ላይ ዐሳማ ይሆናሉ፤ አስተግፊሩላህ ብለው እንዳያጠፉት፣ ስለ ሆዳምነታቸው የመጣባቸው ቅጣት ነው።

ፍላሽ የሚሞላው ልጅ «ግሬቭ ኦፍ ዘ ፋየርፍላይስ»ንም የሕፃናት ነው ብሎ ሊጨምርልኝ ነበር፤ አስወጣሁት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ ሁለት ልጆች በረሃብ ሲያልቁ የሚያሳይ ነው። ውብ ሥራ ነው፣ ግን የወሎን የ1977ቱን ረሃብ በዓይናቸው ያዩ ሰው ሳይነገራቸው እንዲያዩት አልፈልግም። ትንሹ ካመጣው ለብቻው፣ በቀን ይየው።

ፍላሹን ከቴሌቪዥኑ ጎን ያለው ቀዳዳ ካላነበበው ከኋላ ያለውን ይሞክሩ። የስልኩን ቻርጀር ደግሞ ከመኝታ ቤቱ ነቅለው ሳሎን፣ ከስፌት መኪናዎ አጠገብ ያለው ሶኬት ላይ ይሰኩት። ከዒሻ በኋላ ስልኩ እዚያ ያድራል ይበሉት፣ የእርስዎም ጭምር።

ልጅዎ